«ይሄን ልጅ እዚህ አናስተምርም» ሲባል፦ በወሎ የእድገት እክል ያለባቸው ልጆች ወላጆች ምን መጠየቅ ይችላሉ?

ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀመር በደሴም በወልድያም በኮምቦልቻም የትምህርት ቤት በር ላይ ወላጅ ይሰለፋል። አብዛኛው የልጁን ስም አስጽፎ ደብተር ሊገዛ ወደ ገበያ ይወርዳል። አንዳንዱ ግን «እስኪ ቢሮ ይግቡ» ይባላል። እዚያ የሚባለውን ብዙ እናቶች በቃላቸው ያውቁታል።

«ስንት ዓመቱ ነው እህቴ?»

«ዘጠኝ ሞላው።»

«ይናገራል?»

«ትንሽ ትንሽ። እኔ ይገባኛል።»

«ሽንት ቤት ራሱ ይሄዳል?»

«ካስታወሱት ይሄዳል ጋሼ።»

«እንግዲህ እንደሚያዩት አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ሰባ ልጅ ነው ያለን። መምህሯ ደግሞ አንድ ናት። አዲስ አበባ ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ማዕከል አለ ይባላል። ለምን እዚያ አይሞክሩም?»

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ስልሳ ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል እውነት ነው። መምህሯም ስለ ኦቲዝም የወሰደችው ሥልጠና ላይኖር ይችላል። ግን ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ ሌሎች ልጆች አሉ፣ የዕለት እንጀራ አለ። «አዲስ አበባ ይሞክሩ» ማለት ለብዙ ቤተሰብ «ቤት ይቀመጥ» ማለት ነው። እናትየዋም «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ልጇን ይዛ ትወጣለች። ማመልከቻ አልጻፈችም። የእምቢታ ደብዳቤም ማንም አልሰጣትም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን መዝገብ ብታገላብጡት ይህ ልጅ የለም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ልጅ መማር የሚለመን ውለታ አይደለም፣ መብት ነው። በቃል የተጠየቀና በቃል የተከለከለ መብት ግን ተጠየቀም ተከለከለም ብሎ የሚመሰክርለት የለም። ወላጅ ምን ብሎ፣ ለማን፣ እንዴት አድርጎ፣ ከማን ጋር ሆኖ መጠየቅ እንደሚችል ካወቀ ወጉ ሌላ ይሆናል።

ልጁ ምን ሆኖ ነው?

የእድገት እክል የሚባለው ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ ነገር ነው። ልጁ መናገር፣ መማር፣ መንቀሳቀስ ወይም ከሰው ጋር መግባባት ላይ ከእኩዮቹ ይዘገያል፣ ወይም በተለየ መንገድ ያድጋል። አይተላለፍም። ኪኒን ተውጦ የሚለቅ ነገርም አይደለም። በዚህ ስም ስር ብዙ ዓይነት አለ።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ስሙ ሲጠራ ላይዞር ይችላል። የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፣ እጃችሁን ይዞ ይወስዳችኋል። አንድን ነገር ደጋግሞ ያደርጋል። ድምፅ ወይም ግርግር ይረብሸዋል። አንዳንዱ ጥቂት ቃላት ጀምሮ ይተዋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ127 ሰዎች 1ዱ ኦቲዝም አለበት። ስለዚህ ብርቅ ነገር አይደለም። በየሰፈሩ አለ፣ ግን ከቤት አይወጣም።

ዳውን ሲንድሮም የሚመጣው ልጁ 46 ክሮሞሶም (በሰውነት ሴሎች ውስጥ ያለው የዘር ተሸካሚ) በመያዝ ፋንታ 47 ይዞ ሲወለድ ነው። ትርፉ 21ኛው ላይ ነው። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ስለሚኖርባቸው ልባቸው በጊዜ መታየት አለበት። ሴሬብራል ፓልሲ ደግሞ አንጎል በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በጨቅላነት ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ልጁ እግሩና እጁ አልታዘዝ ሊለው፣ ንግግሩም ሊጎተት ይችላል። አእምሮው ግን ሙሉ ሊሆን ይችላል። «አይናገርም፣ ስለዚህ አይገባውም» የሚለው ፍርድ ብዙ ብሩህ ልጅ ቤት አስቀርቷል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ደግሞ ትማራለች፣ ግን ቀስ እያለች፣ በትንሽ በትንሹ፣ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞላት።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት መጣብን?» ብሎ ነው። በእኛ አገር መልሱ ብዙ ጊዜ እርግማን፣ ልክፍት፣ ቡዳ ይሆናል። ወይም ጣት እናት ላይ ይቀሰራል፦ በእርግዝናዋ ምን በላች፣ ምን አየች፣ ምን ኃጢአት ሠራች። ይህ ትክክል አይደለም። ኦቲዝም በአብዛኛው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ክትባት አያመጣውም። የእናት ፍቅር ማነስም አያመጣውም። ዳውን ሲንድሮም ጽንሱ ሲጀመር የሚፈጠር ነው። መከላከል የሚቻልባቸው ምክንያቶችም አሉ፦ ምጥ ሲረዝም ሕፃን አየር ማጣቱ፣ ሳይታከም የቀረ ማጅራት ገትር፣ በጨቅላነት የከበደ ቢጫነት፣ እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ማጣቷ። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ባለበት መውለድና አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ ግን እናትን መክሰስ ማንንም አይጠቅምም።

ጸበልም ሆነ ዱዓ ማንም አይከለክልም። ግሸን ወጥቶ ስለት የገባ፣ ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ተቀምጦ ለልጁ ያስለመነ ወላጅ ጽናት ያገኛል፣ ይህ ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ግን አደራ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ልጁ ላይ ከባድ አደጋ ሊደርስ ይችላል። ጸበል ስትሄዱ መድኃኒቱንም ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላው ምክር፦ ልጅ አልናገር ካለ ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ። አልማር ካለ ዓይኑም ይታይ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው በወሎ የታወቀ ነው። መስማት ወይም ማየት የተሳነው ልጅ «አእምሮው ነው» ተብሎ ዓመታት ሲያልፉበት ያሳዝናል።

ሕጉ ምን ይላል?

ይህን ክፍል አሳጥረዋለሁ፣ ግን ቁጥሮቹን ያዟቸው። ቢሮ ውስጥ ቁጥር ያከራክራል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲደግፍ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የምትለው ሐረግ ብዙ ጊዜ ማምለጫ ትሆናለች። ስለዚህ እዚያ ላይ አትቁሙ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የፈረንጅ ወረቀት ነው ተብሎ የሚገፋ አይደለም።

የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለልና እንደየፍላጎቱ ድጋፍ እንዲያገኝ ይላል። አንቀጽ 2 ደግሞ ከዚህ የሚሄድ ጠንካራ ነገር አለው፦ ተገቢውን ማመቻቸት መከልከል ራሱ አድልዎ ነው። ልብ በሉ፣ «ተገቢ» ነው የሚለው። ትምህርት ቤቱን አፍርሳችሁ ሥሩ አይልም። ልጁ እንዲማር የሚያስችለውን፣ ትምህርት ቤቱም ሊያደርገው የሚችለውን ነገር አድርጉ ነው የሚለው።

ማመልከቻው

አሁን ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንመለስ። ያቺ እናት በሚቀጥለው ቀን ይህን ይዛ ብትሄድስ?

«ለ… የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት። ጉዳዩ፦ ልጄን ማስመዝገብን ይመለከታል። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ከሆስፒታል የተሰጠ ማስረጃ አያይዣለሁ። በመጪው የትምህርት ዘመን 1ኛ ክፍል እንዲመዘገብልኝና የሚከተሉት እንዲመቻቹለት አመለክታለሁ። ፊት ወንበር ላይ፣ መምህሯ አጠገብ እንዲቀመጥ። የመጀመሪያውን ወር እስከ እረፍት ሰዓት ብቻ እንዲማር። ደወል ስለሚያስደነግጠው ከመደወሉ በፊት እንዲነገረው። የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ እንዲያየው፣ ከሌለ ከጉድኝት ማዕከሉ ድጋፍ እንዲጠየቅለት። መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም ትምህርት ቤቱን ብር አያስወጣም። «ልጄን ተቀበሉልኝ» ብቻ ሲባል ርዕሰ መምህሩ የሚታያቸው የማያውቁት ትልቅ ሸክም ነው። «ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ» ሲባል ግን የሚታያቸው አንድ ወንበር ነው። ጥያቄው በትንሹ ተቆርጦ ሲቀርብ እምቢ ለማለት ያስቸግራል።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ። ሁለተኛው ላይ ቀንና ገቢ ቁጥር አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ ቀሪ አድርጋችሁ ያዙ። መጻፍ የማትችሉ ከሆነ የተማረ ጎረቤት ወይም ከበር ላይ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ይጽፋል። ግን ምን እንደሚጻፍ እናንተ ንገሩት፣ አለዚያ «ድሃ ነኝና ይታዘንልኝ» ብሎ ይጽፍባችኋል።

የሐኪም ወረቀት ከሌለስ? ማስረጃ ቢኖር ጥሩ ነው። ግን ስምምነቱ የሐኪም ወረቀትን የመማር ቅድመ ሁኔታ አላደረገውም። ምርመራውን እየተከታተላችሁ ልጁ ይመዝገብ ብላችሁ ተከራከሩ።

መልሱ እምቢ ከሆነ ወይም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለ ሳምንታት ካለፉ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። እዚያ የልዩ ፍላጎት ትምህርትን የሚከታተል ባለሙያ ማን እንደሆነ ጠይቁና በስም እወቁት። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው የሚሠራው፣ የሚጠይቀው ወላጅ ሲመጣ ደስ ይለዋል። ከዚያ የዞን ወይም የከተማ ትምህርት መምሪያ አለ። ከዚያ በላይ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ በነጻ ይቀበላሉ። በየደረጃው ያንኑ ቀሪ ወረቀት እያያያዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት ገቢ የሆነ ወረቀት ባለቤት አለው፣ አንድ ሰው ይጠየቅበታል።

ጉድኝት ማዕከል ያልኩትን ላብራራ። ትምህርት ቤቶች በአቅራቢያ በአቅራቢያ ተቧድነው አንዱ ማዕከል ይሆናል። በመንግሥት ዕቅድ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከሎች የሚከፈቱት በእነዚህ ማዕከሎች ነው፦ የሰለጠነ መምህር፣ የመማሪያ ቁሳቁስ፣ በዙሪያው ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚሆን ምክር ይኖራቸዋል ተብሎ። በየጉድኝቱ ተከፍቷል ማለት አይደለም። የተከፈተውም ቁልፍ ተቆልፎበት ሊሆን ይችላል። ግን በእቅድ የተያዘ ነገር ስለሆነ «የእኛ ጉድኝት ማዕከል የት ነው? መምህሩ መቼ ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

ከተመዘገበ በኋላ

መመዝገብ ግማሽ መንገድ ነው። ብዙ ልጅ ተመዝግቦ ጥግ ላይ ይቀመጣል። አያስቸግርም፣ ስለዚህ ማንም አያየውም። ዓመቱ ያልቃል።

ይህን የሚከላከል አንድ መሣሪያ አለ፣ የተናጠል የትምህርት ዕቅድ። ወላጅ፣ መምህርና የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ ተቀምጠው ለዚያ ልጅ ብቻ የሚጽፉት አጭር ዕቅድ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ዋናው ነገር ግቡ የሚለካ ይሁን። «ማኅበራዊ ክህሎቱ ይሻሻላል» የሚለው ምንም አይደለም፣ መሻሻሉን ማን ያያል? «እስከ ኅዳር ደብተሩን ሳይነገረው ከቦርሳው ያወጣል» የሚለው ግን ይታያል። «እስከ ጥር ከ1 እስከ 5 ጠጠር ቆጥሮ ይሰጣል» የሚለውም ይታያል። «ሽንት ሲመጣባት ካርድ ታሳያለች» የሚለው ደግሞ ለአንዲት ልጅ ከፊደል በፊት ሊቀድም ይችላል። ካርዱም ከካርቶን ተቆርጦ፣ የሽንት ቤት በር ተስሎበት ይሠራል።

ልዩ ክፍል ይሻላል ወይስ ከሌሎች ልጆች ጋር መማር? ወላጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። መደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል ቤት ከመቀመጥ እጅግ ይሻላል። ግን ልጆች የሚከማቹበት ክፍል ከሆነ እቃወመዋለሁ። ሁለት ነገር እዩ። በእረፍት ሰዓት ከሌሎቹ ልጆች ጋር ሜዳ ላይ ይወጣሉ ወይ? በቀን ስንት ሰዓት ይማራሉ፣ ስንት ሰዓት ይጠበቃሉ? ከተቻለ ሰልፉን፣ ስፖርቱን፣ ሙዚቃውንና ሥዕሉን ከሁሉም ጋር፣ ንባብና ሒሳቡን ደግሞ በልዩ ክፍሉ ቢማር ጥሩ መካከለኛ ነው።

መምህሯን ጠላት አታድርጓት። ልጁ ምን እንደሚያረጋጋው፣ ምን እንደሚያስቆጣው፣ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስጧት። ከእናት በላይ ይህን ልጅ የሚያውቀው ማነው? የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ወተመህ የምንለው፣ ምርጫ ሲያደርግም ከእናንተ አንዱ ይግባ። የትምህርት ቤቱ ድጎማ ለምን እንደሚውል ሲነገር እዚያ የተቀመጠ ወላጅ «ለልጆቻችንስ?» ማለት ይችላል።

የሕያዋን ቅሬ

ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ይሰበሰባል። ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይመጣል፣ እንጀራው ይቀርባል፣ ሌሊት አብሮ የሚያድር ይመደባል። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ጎረቤት ይወጣል። ያልወጣ ይቀጣል። ማንም «ይሄ ቤተሰብ ይገባዋል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ለእነዚህ ልጆች ቤተሰቦች የሚያስፈልገው ይኸው ነው፣ ግን ልጁ በሕይወት እያለ።

እውነቱን ለመናገር የእነዚህ ልጆች እናት ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት። አንዳንዱ አባት ጥሎ ሄዷል። ያልሄደውም ሰርግ ላይ ልጁን አይወስድም። ጎረቤት «ልጅሽ ልጄን ይመታብኛል» ይላል። እሷም ቀስ በቀስ ቡና ላይ መቅረት ትጀምራለች። ሰኞ ገበያ ወርዳ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋታል። ለዚያ ሁለት ሰዓት ልጇን የሚይዝላት ስታጣ በሩን ትቆልፍበታለች። አንዳንዷ ከአልጋ እግር ጋር በነጠላ ታስረዋለች። ይህን ሰምቶ እሷን መውቀስ ቀላል ነው። የሚጠቅማት ግን ለሁለት ሰዓት ልጁን የሚቀበላት ሰው ነው።

ሦስት ወይም አራት እናቶች ሲገናኙ ነገሩ ይቀየራል። እንዴት ትገናኛላችሁ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ስለምትገባ ማን ቤት እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ታውቃለች። እሷ መልእክት ታድርስላችሁ። የመስጊዱ ኢማምና የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ አንድ ጊዜ ከጸሎት በኋላ ቢያሳውቁ ተደብቆ የነበረው ቤት ሁሉ ይሰማል። በቅሬያችሁ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ይህን አጀንዳ አስይዙ። የቅሬው ዳኛ አንድ ቃል ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

የተሰበሰቡ ወላጆች የመጀመሪያ ሥራ ማኅበር ለማስመዝገብ መሮጥ አይደለም። መጀመሪያ ዝርዝር ሥሩ። ስንት ልጅ ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ምን አለበት፣ ይማራል ወይስ ቤት ነው? የወላጅ ፈቃድ ያለበትን ብቻ ጻፉ። ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩት በቁጥር ነው። መምህር የሚመደበው፣ በጀት የሚጠየቀው በተመዘገበ ልጅ ልክ ነው። አንዲት እናት ስትሄድ «አንድ ልጅ ነው፣ ምን እናድርግ?» ትባላለች። አሥራ አንድ ወላጅ የተፈረመ ዝርዝር ይዞ ሲገባ ግን ያ መልስ አይሠራም።

ከዚያ ተራ ግቡ። ማክሰኞ አንዷ ሦስት ልጅ ትይዛለች፣ ሌሎቹ ገበያ ይሄዳሉ። ሐሙስ ሌላዋ። ቢሮ የሚሄድ ወላጅ ብቻውን አይሂድ፣ አንድ ሰው አብሮት ሄዶ የተባለውን ይጻፍ። እናት አንገቷን ደፍታ በምትወጣበት ቢሮ ጎኗ ሰው ካለ ንግግሩም ይታረማል።

ወላጅ ተሰብስቦ ነገር የቀየረበት አገር ብዙ ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር ልጆቻችን ከትምህርት ተከለከሉ ብሎ ክፍለ ግዛቱን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1972 ልጆቹ የመማር መብታቸው ተከበረ። ከ3 ዓመት በኋላ አገር አቀፍ ሕግ ወጣ፣ ያ የተናጠል የትምህርት ዕቅድም የሕጉ አካል ሆነ። ወደ እኛ ስንመጣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አሉ። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲያጡ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በቴሌቪዥንም በመድረክም «ልጆቻችንን አትደብቁ» ሲሉ ኖሩ። ዛሬ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የደሴ ሰው ካወቀው የእሳቸው ድካም አለበት። ግን ማዕከሉ ወረፋው ረጅም ነው፣ አዲስ አበባም ሩቅ ነው። ወሎ የራሱ ያስፈልገዋል።

ቤት ውስጥ

ልጁ ትምህርት ቤት ቢሄድም ባይሄድም ዋናው አስተማሪው ቤቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው። የሚሰጡትም ልዩ ሐኪሞች መሆን የለባቸውም። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። የወላጅ ቡድን ከሆናችሁ ጤና መምሪያውንም ወሎ ዩኒቨርሲቲንም «ይህን ሥልጠና አምጡልን» ማለት ትችላላችሁ። እስከዚያው ግን ከሥልጠናው መንፈስ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ።

አጭር ተናገሩ። «ና እስኪ እጅህን ታጠብና ምሳህን ብላ አባትህ ሳይመጣ» ለእሱ ጎርፍ ነው። «እጅ ታጠብ» በቂ ነው። ከዚያ ቁሙና ጠብቁ፣ በልባችሁ አሥር እስክትቆጥሩ። መልሱ ዘግይቶ ይመጣል።

ሥራውን ቆራርጡት። ሸሚዝ መልበስ አንድ ሥራ ይመስላል፣ ግን ብዙ ነው። እናንተ ሁሉንም አልብሱትና የመጨረሻውን ብቻ፣ ከወገቡ በታች መጎተቷን፣ ለእሱ ተዉለት። ጎተተው? «ጎበዝ! ለበስክ!» በሉት። ያንን ሲችል ከመጨረሻው በፊት ያለችውን እጅጌ ጨምሩለት። ከኋላ ወደ ፊት ስትሄዱ ልጁ ሁልጊዜ በመጨረስ ይደሰታል። ከፊት ከጀመራችሁ ግን መሃል ላይ ይሰላቻል።

ሲጮህና ሲማታ ከመቅጣታችሁ በፊት ምን ፈልጎ ነው ብላችሁ ጠይቁ። መናገር ያልቻለ ልጅ ጩኸቱ ቋንቋው ነው። ራበው? ጥርሱን አመመው? ድምፅ በዛበት? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የተኩሱ ድምፅ እነዚህን ልጆች ምን ያህል እንዳናወጣቸው ወላጆቻቸው ያውቁታል። ዛሬም ርችት ሲተኮስ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ልጅ አለ። እሱን ጎትቶ ማውጣት አይጠቅምም፣ አጠገቡ መቀመጥ ነው።

ሴት ልጅ ካላችሁ ከሁሉ በላይ ጥበቃዋን አስቡ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ጥቃት ቢደርስባት መናገር ሊያቅታት ይችላል፣ ብትናገርም የሚያምናት ታጣለች። ማን ልብሷን መንካት እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል ደጋግማችሁ አስተምሯት። ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ከማን ጋር እንደምትሄድም ዕቅዷ ላይ ይጻፍ።

ጤናና ገንዘብ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ የሌላችሁ አውጡ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዱ ሐይቅ ዙሪያ ያለው የተሁለደሬ ወረዳ ነበር፣ ስለዚህ ለወሎ እንግዳ አይደለም። መክፈል የማይችል ቤተሰብ በነጻ እንዲታቀፍ ቀበሌው ይመለምላል። ምልመላው ላይ የልጁን ሁኔታ ተናገሩ። ሴፍቲኔትም ላይ እንዲሁ። ደሴ የከተማ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት፣ መሥራት ለማይችሉ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ የሚባል አለ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ወንበር ወይም የእግር ድጋፍ ካስፈለገው ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። እናት ጀርባዋ እስኪጎብጥ የአሥር ዓመት ልጅ ከማዘሏ በፊት እዚያ ትጠይቅ።

ልጁ ሲያድግ

ሁሉም ወላጅ የሚፈራው አንድ ጥያቄ አለ፦ «እኔ ስሞትስ?» መልሱ የሚጀምረው ልጁ ትንሽ እያለ ነው። ራሱ መብላት፣ መልበስ፣ ብር መለየት፣ ከሰፈር ሱቅ ዕቃ ገዝቶ መመለስ የቻለ ልጅ ነገ ለሚይዘው ሰው ሸክሙ ይቀላል። 12 ወይም 13 ዓመት ሲሞላው የተናጠል ዕቅዱ ውስጥ የእጅ ሥራ ይግባ፦ ሽመና፣ ዶሮ እርባታ፣ የችግኝ ጣቢያ ሥራ፣ የሚወደው ምን እንደሆነ ታይቶ።

18 ዓመት ሲሞላው በሕግ አዋቂ ነው፣ ፊርማውም የራሱ ነው። ንብረቱን ሌላ ሰው እንዲያስተዳድርለት ከተፈለገ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይህን መንገድ ከአንቀጽ 351 ጀምሮ ያስቀምጣል። ግን አትቸኩሉ። በዚህ መንገድ በፍርድ የተከለከለ ሰው ብዙ ነገር በራሱ መወሰን አይችልም። ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ የሚያምኑት ሰው አጠገባቸው ሆኖ ካስረዳቸው የራሳቸውን ነገር መወሰን ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ምክር ስለሚሰጡ መጀመሪያ እዚያ ተማከሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የልደት የምስክር ወረቀት ይውጣለት። ምዝገባ፣ መድን፣ መታወቂያ፣ ፍርድ ቤት፣ ሁሉም እሱን ይጠይቃሉ። በጦርነቱ ጊዜ የጠፋባችሁ ካላችሁም ቀበሌያችሁ ካለው የኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ምትክ ጠይቁ። ኮፒውን ከሐኪም ማስረጃውና ከማመልከቻዎቹ ቀሪ ጋር በአንድ ፋይል አድርጉና የፋይሉን ቦታ ከእናንተ ሌላ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቀው።